ሳያውቁ የገቡበት ዕዳ

ኦሪት ዘሌዋውያን በአራተኛው ምዕራፉ፥ ካህን ቢሆን፥ የሕዝብ አለቃ ቢሆን፥ ወይም ከምድር ሕዝብ ወገን የሆነ ተራ ሰው ቢሆን፥ ሳያውቅ በስሕተት ከተከለከለው ነገር አንዱን ያደረገ እንደ ሆነ የሚያቀርበውን መሥዋዕት እንደየማዕርጉ ለይቶ ይደነግጋል። ካህኑ ስለ ስሕተቱ በሚያቀርበው ወይፈን ላይ የሚፈጸመው ሥርዐት ሲነገርም፥ ሁለቱ ኵላሊቶች በላያቸው ካለው ስብ ጋር፥ በጉበቱም ላይ ያለው መረብ ተለይተው ወጥተው በመሠዊያው ላይ እንዲቃጠሉ ታዟል። ከሥጋው ሁሉ እነዚህ ብልቶች ተመርጠው የመሠዊያው ድርሻ ስለ ምን እንደ ሆኑ ለማብራራት የምደፍር አይደለሁም፤ ያ የትርጓሜ መምህራን ፈንታ ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በታች ነው፤ ይኸውም፥ ሳያውቅ ከበደለ ሰው መሥዋዕት መጠየቁ ራሱ እንዴት ከፍትሕ ይቈጠራል የሚለው ነው።

ጥያቄው ከኦሪት ጋር ያለፈ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ለንስሐ የሚቀርበው ምእመን አውቆ በድፍረት ስለ ሠራው ብቻ ሳይሆን ሳያውቅ በስሕተት ስለ ሠራውም ሥርየት እንዲለምን ታስተምረዋለች። በሉቃስ ወንጌል በተጻፈው ምሳሌም፥ የጌታውን ፈቃድ ሳያውቅ ለመገረፍ የሚያበቃ ሥራ የሠራው አገልጋይ ጥቂት ይገረፋል ተባለ እንጂ ከቶ አይገረፍም አልተባለም። የዛሬ ሰው ግን ይህን ለመቀበል ይቸገራል። «ሳላውቅ ነው» የሚለው ቃል በዳኛ ፊት ቀርቶ በሰፈር ሽማግሌ ፊት እንኳ ነገሩን ሁሉ የሚዘጋ ይመስለዋል፤ ኀጢአት የሚወለደው ከፈቃድ ነው፥ ፈቃድም ያለ ዕውቀት አይኖርም፥ ስለዚህ ያላወቀ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ይደመድማል። ይህ ሰው ግማሽ እውነት ይዟል ብዬ አስባለሁ፤ የቀረውን ግማሽ ለመፈለግ ደግሞ ከመጻሕፍት ይልቅ መርዝ በሰው ሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይሻላል።

የበላነውና የጠጣነው ከአንጀት ወደ ደም ከገባ በኋላ፥ ያ ደም በቀጥታ ወደ ልብ ተመልሶ በመላው አካል አይረጭም፤ አስቀድሞ በአንድ ታላቅ የደም ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል። በጉበት ውስጥ በየደቂቃው ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ ደም ያልፋል፤ በዚህም ጊዜ ጉበት ለሰውነት ባዕድ የሆነውን ነገር፥ መድኀኒትም ይሁን አረቄ ወይም የቀለምና የነዳጅ ተን፥ እየያዘ ባሕርዩን ይለውጠዋል። የሚለውጥበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ባዕድ ነገሮች በስብ እንጂ በውኃ የማይሟሙ ስለ ሆኑ፥ እንዲሁ ከተተዉ ኵላሊት ሊያስወጣቸው አይችልም፤ ጉበት ግን በውኃ ወደሚሟሟ መልክ አዛውሮ ለኵላሊት ያስረክባቸዋል። የኵላሊትን ሥራ ሰዎች በወንፊት ይመስሉታል፤ ምሳሌው ግን ጎደሎ ነው፥ ወንፊት ያሳለፈውን መልሶ አይሰበስብምና። እያንዳንዱ ኵላሊት አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ረቂቃን ማጣሪያዎች አሉት፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም አጥርተው፥ በቀጫጭን ቦዮች እያሳለፉ የሚጠቅመውን ሁሉ አንድ በአንድ ለደም ይመልሳሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው 1.5 ሊትር ያህል ብቻ ነው። መከራቸው የሚመጣውም ከዚሁ ትጋታቸው ነው። ውኃው ሲመለስ መርዙ በቦዩ ውስጥ እየቀረ ይጠነክራል፤ ሜርኩሪና ካድሚየም የመሳሰሉት ከባድ ብረቶችም የቦዩን ግድግዳ የሚያቈስሉት በዚህ ስፍራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ መርዙ ወደ ሰውነት ሲገባ ገና መርዝ አይደለም፤ መርዝ የሚያደርገው ጉበት ራሱ ነው። በአንድ ወቅት ለልብስ ማጽጃ ያገለግል የነበረው ካርቦን ቴትራክሎራይድ፥ እርጥበት ባገኘው ለውዝና በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን፥ ማንም ለራስ ምታት የሚውጠው ፓራሲታሞል ከመጠን ሲያልፍ፥ ሦስቱም ጉበት ሊያስወግዳቸው ሲለውጣቸው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያቃጥል ነገር ይወልዳሉ። በፓራሲታሞል ጊዜ ጉበት ይህን ክፉ ልጅ የሚያስርበት ንጥረ ነገር በመጠኑ አከማችቶ ይጠብቃል፤ ክምችቱ እስኪያልቅ ድረስም ጉዳት የለም፤ ካለቀ በኋላ ግን የጉበቱ ሕዋሳት በሥራቸው ላይ እንዳሉ ይሞታሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመምተኛው ብዙም አይሰማውም። ጉበት በውስጡ የሕመም ስሜት የለውም፤ ስሜቱ ያለው በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ የኵላሊትም ኀይል ከግማሽ በላይ እስኪጠፋ ድረስ የተለመደው የደም ምርመራ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

እንግዲህ ጉበትን ማን ይከሰዋል? የሠራው ተፈጥሮው ያዘዘውን ግብር ነው፤ ትናንት ሰውየውን ያዳነበትን ሥራ ዛሬ ሲደግም ገደለው። ሊቃውንት ከፍጥረት ወገን በባሕርዩ ክፉ የሆነ አንድም የለም ሲሉ የሚያስተምሩት ከዚህ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት በሰጠው ስብከት፥ መርዘኛ ዕፀዋት ለምን ተፈጠሩ ለሚሉት ሲመልስ፥ ሰውን የሚገድለው ቅጠል ለአንዳንድ ወፎች ምግብ መሆኑን አስረድቶ፥ ሁሉም የተፈጠረው ለእኛ ሆድ ብቻ እንዳይመስለን አሳስቧል። ያገራችን ሰው ኮሶን እየጠጣ የኖረውም ይህንኑ በሌላ ወገን ስለሚያውቅ ነው፤ ትሉን የሚያስወጣውና መጠኑ ሲያልፍ ዐይን የሚያሳውረው አንድ ዛፍ ነውና። ነገር ግን ጉበትን ከኩነኔ የሚያድነው ምክንያት ሰውን አያድነውም። ጉበት የመጣለትን ከመለወጥ በፊት ቆም ብሎ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ ሰው ግን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት፥ ብሪስቶል በምትባል ከተማ፥ ማሰንጊል የሚባል መድኀኒት አምራች ኩባንያ ነበረ። በዚያ ዘመን ሰልፋኒላማይድ የተባለው መድኀኒት ለጉሮሮ ቍስልና ለሌላም ተላላፊ በሽታ ፍቱንነቱ ተመስክሮለት በእንክብልና በዱቄት ይሰጥ ነበር፤ ሕፃናትና እንክብል መዋጥ የሚቸግራቸው ሰዎች በፈሳሽ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉና፥ የኩባንያው ሻጮች ይህን ለአለቆቻቸው አስታወቁ። ሀሮልድ ዋትኪንስ የተባለው ዋናው ኬሚስት ልዩ ልዩ ፈሳሽ ሲሞክር ቆይቶ፥ መድኀኒቱ ዳይኤትሊን ግላይኮል በሚባል ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ ደኅና አድርጎ እንደሚሟሟ አገኘ፤ የራዝቤሪ ጣዕም ጨመረበት። ኩባንያው ጣዕሙን፥ መልኩንና መዓዛውን መረመረ፤ መርዝነቱን ግን አልመረመረም፤ እንዲመረምር የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም። በመስከረም ወር 633 ጭነት ወደ ልዩ ልዩ ግዛቶች ተላከ።

ከላይ የተናገርኩት የጉበት ሥራ እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል። ጉበት ይህን ጣፋጭ ፈሳሽ ሲያገኘው አልኮልን በሚያፈርስበት ኢንዛይም ያፈርሰዋል፤ ከመፍረሱም ዳይግላይኮሊክ አሲድ የሚባል ነገር ይወለዳል፤ ይህም በኵላሊት ቦዮች ውስጥ ተከማችቶ ሕዋሳቱን ይገድላል። በሽተኛው መጀመሪያ ያቅለሸልሸዋል፥ ሆዱን ይቈርጠዋል፤ ቀጥሎ ሽንቱ ይቀንሳል፥ በመጨረሻም ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ መድኀኒት አልነበረውም፤ ከ7 እስከ 21 ቀን በሥቃይ ቆይቶ ይሞታል። ልጇን ከጉሮሮ ሕመም ለማዳን በማንኪያ የሰጠች እናት ቀኑን ሙሉ ሽንት የሌለበት ጨርቅ ስትመለከት ምን እንዳሰበች መገመት አያዳግትም። በዚህ ዐይነት ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚያ መካከል 34ቱ ሕፃናት ነበሩ።

በጥቅምት ወር ወሬው በቺካጎ ወደሚገኘው የሐኪሞች ማኅበር ደረሰ፤ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከሞቱ ቍጥር ይልቅ ደጋግሜ የማስበው ነው። ኩባንያው መድኀኒቱን ለሸጠላቸው ሰዎች እንዲመልሱለት ቴሌግራም ላከ፤ ነገር ግን መድኀኒቱ ገዳይ መሆኑን በዚያ ቴሌግራም ውስጥ አልጻፈም። ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን የሚገልጥ ሁለተኛ ቴሌግራም የተላከው የመንግሥቱ የምግብና የመድኀኒት መሥሪያ ቤት አጥብቆ ስላስገደደ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪዎችና ኬሚስቶች፥ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች፥ ጠርሙስ በጠርሙስ ፍለጋ ወጡ። ከተሠራው 240 ጋሎን አብዛኛው ተሰበሰበ፤ ሰውን ሁሉ የገደለው ከዚያ የቀረው ጥቂቱ ነው።

ኦሪቱን አስተውሎ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፤ ሳያውቅ የበደለ ሰው መሥዋዕቱን የሚያቀርበው ኀጢአቱ በታወቀው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቅበት ቀን አልተቈረጠለትም። ስለዚህ ሕጉ ያላወቀውን ሰው ስለ አለማወቁ ብቻ አይይዘውም፤ የሚይዘው ዕውቀቱ ከደረሰ በኋላ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ነው። የማሰንጊል ኩባንያ መጋረጃው እስኪገለጥ ድረስ የነበረው በደል አንድ ነው፥ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቴሌግራም መካከል ያለው በደል ሌላ ነው፤ የኋለኛው ይበልጣል ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

አርስጣጣሊስ ስለ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፥ ባለማወቅ ያደረጉትን ሰዎች ሲለይ፥ ካወቀ በኋላ የሚያዝነውንና የማያዝነውን በአንድ ስም አይጠራቸውም። የኩባንያው ባለቤት ጉዳዩ ሲነሣ፥ እኛ የታዘዘልንን በሙያው ደንብ ሠርተን ሰጠን እንጂ ኀላፊነት የለብንም የሚል ሐሳብ በአደባባይ ገለጠ። ኬሚስቱ ዋትኪንስ ግን የፍርዱን ቀን ሲጠባበቅ ሳለ በገዛ እጁ ሞተ። በሚሲሲፒ የሚኖር አንድ ሐኪም ደግሞ፥ ከሞቱት በሽተኞቹ ስድስቱ ይህን መድኀኒት ከእጁ የተቀበሉ፥ አንደኛውም የልብ ወዳጁ ስለ ነበረ፥ ቀንና ሌሊት በነፍሱ የሚሠቃይ መሆኑን በደብዳቤ ጻፈ። ይህ ሐኪም ምን ሊያውቅ ይችል ነበር? ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ስም በጠርሙሱ ላይ አልጻፉለትም። ከሦስቱ ሰዎች በደሉ እጅግ ያነሰው እርሱ ነው፤ ዕዳውን ግን እንደ ራሱ ዕዳ ወሰደው። የዋትኪንስን ፍጻሜ ማንም ሊያመሰግነው አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያንም ለንስሐ በር እንዳለ ስታስተምር እንዲህ ላለው ሰው ነው። ሆኖም ግን ከአለቃው ይልቅ ወደ መሠዊያው የቀረበ እርሱ ሳይሆን አልቀረም።

የሰው ፍርድ ቤት በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚይዘው ጫፍ ባጣ ጊዜ ያደረገውን ማስታወስ ተገቢ ነው። በዚያ ዘመን ሕግ መርዝነቱን ሳይመረምሩ መሸጥ ወንጀል አልነበረምና፥ ኩባንያው የተከሰሰው መድኀኒቱን ኤሊክሲር ብሎ በመጥራቱ ብቻ ነው፤ ያ ስም አልኮል ላለበት መድኀኒት የሚሰጥ ነው፥ በዚህ ውስጥ ግን አልኮል አልነበረም። አልኮል ጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ለዚያ ክስ እንኳ ባልበቃ። በሚከተለው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1938 ማንኛውም አዲስ መድኀኒት ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ጉዳት የሌለው መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ከሕጉ በፊት አለመመርመር ኀጢአት አልነበረምን? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ሕግ ዐዋቂዎች ይቈጣሉ፤ ሆኖም የፈሳሹ ጐጂነት በእንስሳ ላይ ተሞክሮ መድኀኒቱ ከመሠራቱ አስቀድሞ ታትሞ ስለ ነበር፥ ዋትኪንስ አላወቀም ከማለት ይልቅ አልጠየቀም ማለት ይቀርባል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አላወቅሁም የሚል ቃል በዚህ ነገር ላይ ዋጋውን አጥቷል። ያው ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሃይቲ፥ በ2006 በፓናማ፥ በ2022 በጋምቢያ፥ ርካሽ ነውና በንጹሕ ግሊሰሪን ወይም በሌላ ማሟሚያ ስፍራ እየገባ በሳልና በትኩሳት ሽሮፕ ውስጥ ተገኝቶ ሰዎችን ገድሏል፤ በጋምቢያ ብቻ ከ60 በላይ ሕፃናት በኵላሊት መቆም ሞቱ። ፈሳሹን ለይቶ የሚያሳውቀው ምርመራ አዲስ ጥበብ የሚጠይቅ አልነበረም። በ1937 ዋትኪንስ የነበረበት ስፍራ ዛሬ ባዶ ነው፤ አሁን በዚያ ስፍራ የሚቆም ሰው ካህኑ ስለ ስሕተቱ በሚያቀርበው ወይፈን ሊሸሸግ አይችልም።

ነገር ግን ሌላ ዐይነት አለማወቅ አለ፤ እርሱንም ከዚህ ጋር መቀላቀል ግፍ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2001 ወዲህ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፥ ጸዓዳ እምባ በምትባለው መንደርና በአካባቢዋ፥ ሰዎች ሆዳቸው በውኃ እየተነፋ፥ ሰውነታቸው እየከሳ፥ ጉበታቸው እየጠና ይሞቱ ጀመር። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አባትም ልጅም ይታመማሉ። መርማሪዎች ከአገር ውስጥም ከውጭም መጥተው ውኃውን፥ እህሉን፥ የታመሙትን ሰዎች ደምና ሽንት ሳይቀር መረመሩ። ብዙ ዓመት ከፈጀ ድካም በኋላ ማስረጃው ወደ አንድ ተራ አረም አመለከተ፤ አጀራተም የሚባለው ይህ አረም ከእህሉ ጋር በማሳ በቅሎ፥ ከእህሉ ጋር ታጭዶ፥ ከእህሉ ጋር ተወቅቶ ወደ ጎተራ ይገባል። በውስጡ ያሉት ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉት ነገሮችም እንደ ልማዳቸው በጉበት ውስጥ ሲለወጡ መርዝ ሆነው፥ የጉበቱን ረቂቃን የደም ሥሮች ይዘጋሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንን እንከሳለን? ገበሬው አባቶቹ ያረሱትን ማሳ አረሰ፤ ሚስቱ እህሉን አበጥራ፥ ፈጭታ ጋግራ ለልጆቿ አቀረበች። ያ አረም ጉበት ያጠፋል ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት አልነበረም። በዋትኪንስ ፊት መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ተዘርግቶ ነበር፤ በዚህ ገበሬ ፊት ግን የተዘረጋ ነገር የለም። ኦሪት ከእርሱ ይጠይቃል የተባለውን መሥዋዕት እኔ የምረዳው በዚህ ቦታ ላይ ሆኜ ነው። ሥርዐቱ ሰውየውን ወደ ኩነኔ ሊስበው አልተሠራም፤ የእርሱ እጅ ያለበት ጥፋት ስሙ ሳይጠራ አልፎ ሌሎችን እንዳይዝ፥ በደሉ በአደባባይ ታውቆ፥ ማኅበሩ ሁሉ እንዲሰማው ተሠራ። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ግን ዕዳው ይዞራል፤ የአረሙን ነገር ዐውቆ ያልነገረ፥ ለምርመራ የተላከውን ውጤት በመሳቢያ ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ቢኖር፥ ያ ሰው ከገበሬው ይልቅ ዕዳ አለበት።

ይህን ዐይነት ዕዳ ዛሬ ለመፈለግ እስከ ቴነሲ መሄድ አያስፈልግም። የጸረ ተባይና የጸረ አረም መድኀኒት የተሸጠበት ጀሪካን ባዶውን ሲቀር በየገጠሩ ገበያ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል፤ ገዢዋ በአሸዋና በሳሙና አጥባ፥ በፀሐይ አድርቃ፥ ውኃ ወይም ዘይት ታደርግበታለች። ላስቲኩ የጠጣውን መርዝ ሳሙና አያስለቅቀውም። ከነዚህ መርዞች አንዳንዶቹ በነርቭ ላይ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጥቂት በጥቂት በመግባት ጉበትና ኵላሊትን ይጎዳሉ፤ ጉዳቱ ሲታይም ከየት እንደ መጣ የሚያስታውስ የለም። በጀሪካኑ ላይ ባዶው ዕቃ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን የተጻፈው ገዢዋም ሻጩም በማያነቡት ቋንቋ ነው። መርዙን ያስመጣው ነጋዴ ግን አንብቦታል፤ እንዲገባ የፈቀደው ሹምም አንብቦታል፤ ዕቃው ባዶውን ሲቀር ሦስት ጊዜ ታጥቦ፥ ዳግመኛ እንዳያገለግል መበሳት እንደሚገባው ሁለቱም ያውቃሉ። መርጫውን ተሸክሞ ማሳውን ሲረጭ ውሎ፥ ባዶውን ዕቃ በጥቂት ብር የሸጠው ገበሬ ግን ይህን የነገረው ሰው የለም፤ የእርሱን መሥዋዕት ለመጠየቅ እኔ አልቸኵልም።